ሐሙስ ከመሰላ የሰማሁት

ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ፎዚያ የተባለች የስድስት ዓመት ልጅ ከመሰላ በጭነት መኪና መጥታ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ገባች። አንገቷ አብጧል፣ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ውኃ መዋጥ አትችልም። የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ ጀማል ከሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ በዚያው በሽታ ሞቷል።

ይህን የገለበጥኩት ከማስታወሻ ደብተሬ የቀኝ ዓምድ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብተሮቼን በየዓመታቸው ስደረድር ሁለት ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። እስከ ኅዳር 1976 ያሉት ገጻቸው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ለሦስት። ሦስተኛው ዓምድ እንዴት እንደመጣ ለመናገር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መነሳት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት በ1967 ዓ.ም. ነው። የዛሬዋ ጭሮ ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ትባላለች። የአውራጃው የማስታወቂያ ክፍል አንድ ጠባብ ቤት፣ አንድ ስልክና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበረው። ዜናችንን በስልክ እያነበብን ወደ ሐረር እናስተላልፋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኛም እንደ ሰዉ ከሬዲዮ ነው የምንሰማው። ደመወዙ ከወር ወር ያደርስ ነበር፤ ስለ እርሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አለቃዬ ጋሽ በየነ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በበጋም ቦቲ ጫማ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «እግሬን እያየሁ ከሄድኩ ሰው አላይም» አሉኝ። በየማለዳው እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹና የዕለቱን ገጾች በማስመሪያ መሃል ለመሃል ይከፍላሉ። ከቀኙ ራስ ላይ «ያየሁት»፣ ከግራው ራስ ላይ «የሰማሁት» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ሄደው ያዩታል፣ ወይ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ይሰጧቸዋል። ቁጥር ሲሰጣቸው ከኋላ ወደ ፊት መልሰው ያነቡታል። እኔ ወሬ ይዤ እየሮጥኩ ስገባ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ማን አየ?» ይላሉ። «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ካልኩ፣ «ሰዎቹ ስም የላቸውም?»

ይህ ልማድ አጥንቴ ውስጥ የገባው በ1971 ዓ.ም. በቦኬ ጉዳይ ነው። አንድ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ በአካባቢው ተቅማጥና ትውከት ሰው እየገደለ ነው ብሎ ነገረኝ። ጋሽ በየነ ሐረር ሄደው ነበር፤ እኔ ቀጥታ ስልኩን አነሳሁ። የቦኬ ገበያ ሁለት ሳምንት ተዘጋ። በኋላ ሲጣራ አንድ ቤተሰብ የተበላሸ ሥጋ በልቶ ታሞ ነበር፤ ድኗል፤ የሞተ ሰው የለም። ገበያው እንደተከፈተ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ከቦኬ ድረስ መጥቶ አንድ ጆንያ የበሰበሰ ሽንኩርት ቢሯችን ወለል ላይ ዘረገፈና፣ «ይኼንንም ጻፈው» ብሎኝ ሄደ። ጋሽ በየነ መጥረጊያ አንስተው ራሳቸው ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ማን አየ?»

«ጸሐፊው።»

«ጸሐፊው አየ?»

«ሰማ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ቦኬ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ሁለት ዓመት በደሳ ተመድቤ ሠራሁ፤ በ1974 ጋሽ በየነ ጡረታ ሲወጡ ወደ አሰበ ተፈሪ ተመለስኩና ማስመሪያቸውን ተረከብኩ። ሳይረጋገጥ ከእጄ የወጣ ዜና አልነበረም። በዚህ እኮራ ነበር።

ኅዳር 7 ቀን 1976፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት፣ እንደ ልማዴ ወደ ጫት ተራ ሄድኩ። ከመሰላ፣ ከበደሳና ከቦኬ የሚመጡ መኪኖች የሚቆሙት እዚያ ስለሆነ የወረዳ ወሬ ከየትኛውም ቢሮ ቀድሞ እዚያ ይደርሳል። አዴ ዘይነባ ጭነት እያስጫኑ አገኘኋቸው። አምሳን የተሻገሩ፣ ሁለት መኪና የሚያሠሩ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ የሚቀልዱ ጫት ነጋዴ ናቸው።

«አንተ ጋዜጣ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትዋሽ መጣህ?» አሉኝ።

«እርስዎ የሚነግሩኝን።»

ሳቁና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሰላ ልጅ ይሞታል። ሁለት ሞቷል። ጉሮሮ ነው። አንገቱ እንዲህ ይሆንና» እጃቸውን ከአገጫቸው በታች አሰፉት፣ «ትንፋሹ ይዘጋል።»

«አይተዋል?»

«እኔ እዚህ ነኝ፣ እንዴት አያለሁ? የወንድሜ ሚስት ሙሚና ናት የላከችብኝ። ጎረቤቷ ነው።»

«የልጆቹ ስም?»

«ኦቦ ታደሰ፣ ስሙ ምን ያደርግልሃል? ሞቷል እያልኩህ።»

በግራ ዓምድ ጻፍኩት። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ጤና ቢሮ ገብቼ ለጸሐፊው ከመሰላ የመጣ ሪፖርት እንዳለ ጠየቅሁት። የለም አለኝ፤ ለምን እንደጠየቅሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ቅዳሜ ከመሰላ የመጡ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ምንም አልሰማም፤ ሌላው ኩፍኝ ነው አለኝ። ሁለቱንም በግራ ጻፍኳቸው። ሰኞ ከቀትር በኋላ የመሰላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነ መምህር ግርማ ለሌላ ጉዳይ ከተማ መጥቶ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሳልጨርስለት መለሰልኝ። «ሦስተኛው ትናንት ተቀበረ። ጀማል ይባላል፤ ተማሪዬ ነው። የቀብሩ ዕለት እዚያው ነበርኩ።»

ያየ፣ ከአዴ ዘይነባም ጋር ያልተነጋገረ ሰው ተገኘ። ነገሩን ወደ ቀኝ አሻገርኩትና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጤና ቢሮ ነበርኩ። የሐኪሞች ቡድን ማክሰኞ ማለዳ እንዲወጣ ተወሰነ። ቡድኑ ወደ መሰላ ሲወርድ ፎዚያን የያዘው መኪና ሲመጣ መንገድ ላይ ተላለፉ።

ሆስፒታል ስደርስ አዴ ዘይነባ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመዋል። ፎዚያና ጀማል የወንድማቸው ልጆች ናቸው። የላቦራቶሪ ባለሙያው አህመዲን፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ከልጅቱ ጉሮሮ በጥጥ የወሰደውን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ እያየ ነበር። «ና እይ» አለኝ። ቀጫጭን ሰማያዊ ነገሮች፣ ከሳጥኑ እንደፈሰሰ ክብሪት እንጨት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመዋል።

«ይኼ ነው?»

«ይመስላል። ተዘርቶ ሲበቅል ነው የሚረጋገጠው፤ ሁለት ቀን ይፈልጋል።»

ዶክተሩ፣ ተመርቆ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ከበሩ ላይ ሰማን። «ሁለት ቀን የለኝም። ዲፍቴሪያ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ፤ ለሕክምናው ጥርጣሬ ይበቃኛል። ፔኒሲሊን ጀምሬያለሁ። መርዙን የሚያመክነው ሴረም ግን የለንም። ድሬዳዋ አንድ ሆስፒታል ሁለት ብልቃጥ አለው፤ የሚያመጣው ሰው ነው የጠፋው።»

«የሚመጣው በምንድን ነው?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«ባቡሩ ነገ ነው፤ እርሱም እዚህ ድረስ አይመጣም። መኪና ከተገኘ...»

«ቶፊቅ ድሬዳዋ ነው። ትናንት ጫት ይዞ ወርዷል፤ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ስልኩን ስጡኝ።»

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነበር። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ከድሬዳዋ ጫት ተራ አንድ ሰው አነሳና ቶፊቅ ቁርስ ላይ ነው አለ። አዴ ዘይነባ በኦሮምኛ የተናገሩትን አልጽፈውም፤ ሰውየው ግን ሄዶ አመጣው። ዶክተሩ ብልቃጡ እንዳይሞቅ በበረዶ ፔርሙስ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። አዴ ዘይነባ ስልኩን ቀሙትና ጨመሩበት። «ፔርሙሱን ደግሞ እንደ ጫቱ አድርገህ እሰረው። እርጥብ ቅጠል፣ በላዩ ውኃ። ዳገቱን ወጥተህ ከሙቀቱ ሳትወጣ አትቁም።» ቶፊቅ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ። መንገዱ እንደ ዕድሉ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። የላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። የፎዚያ ትንፋሽ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል፤ ሲገባ የሚንቋረር ድምፅ አለው። ፔኒሲሊን ከተወጋች ለምን እንደሚጠበቅ አህመዲንን ጠየቅሁት።

«ፔኒሲሊኑ ባክቴሪያውን ይገድላል» አለ። «ባክቴሪያው ግን ጉሮሮዋ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የሚዘልቀው የሚተፋው መርዝ ነው። እስካሁን የተፋውን ፔኒሲሊን አይመልሰውም። በደሟ እየዞረ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሰውነታችን በጥቃቅን ሴሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሴል ስስ የቅባት ሽፋን አለው። መርዙ ፕሮቲን ነው፣ ትልቅ ነው፤ በዚያ ሽፋን ሾልኮ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ አይሾልክም። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ሽፋኑ ላይ ያለ አንድ መያዣ ይጨብጣል። ሴሉ ያን መያዣ ለራሱ ጉዳይ ነው ያበጀው። ጭብጥ ሲያደርገው፣ ሴሉ ራሱ ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጉድጉዶ ይውጠዋል።»

«ራሱ ከፍቶ?» አሉ አዴ ዘይነባ። «ይኼ ኬላ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ኬላ አልፌያለሁ። ሸራ የለበሰ መኪና የመንግሥት ጭነት የመሰለው ዘበኛ ራሱ ነው ግንዱን የሚያነሳው።»

«እንደዚያው ነው፣ አዴ። ግን ገና አላለፈም። የተዋጠው በትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱም ከዚያው ሽፋን ነው የተሠራው። ሴሉ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ነገር ሊፈጭ አሲድ ይጨምርበታል። መርዙ የሚጠብቀው ያንን ነው። አሲዱ ሲነካው ቅርጹ ይለወጣል፤ የታጠፈው ይዘረጋና አንዱ ክፍል ሽፋኑ ውስጥ ይሰካል፤ ሁለተኛው ክፍል በዚያ በኩል ተላልፎ ይወጣል። እርሱ ነው ገዳዩ። ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ያቆማል። ይሞታል።»

«ሴረሙስ?» አልኩ።

«ሴረሙ ከሴሉ ውጭ ያለውን መርዝ ይይዛል። ይይዘውና የሚጨብጥበትን ክፍል ይሸፍንበታል። የተሻገረውን ግን አያገኘውም፤ ሴረሙ ሽፋኑን አያልፍም። ለዚህ ነው ሰዓቱ። በመጀመሪያው ቀን የተወጋ ልጅና በአራተኛው ቀን የተወጋ ልጅ አንድ አይደሉም።»

«እስካሁን ስንት አልፏል?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«አይታወቅም።»

ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አጣርቼዋለሁ፤ አህመዲን ያለው ልክ ነው። አንዲት የመርዙ ቅንጣት ብትሻገር አንድ ሴል ለመግደል እንደምትበቃም አንብቤያለሁ። ያን ቀን ግን ስለ መርዙ የጻፍኩት ሁሉ በግራ ዓምድ ነበር።

አዴ ዘይነባ፣ ሳይቆጡ፣ አህመዲንን እያዩ ተናገሩ። «እኔ እኮ ሐሙስ ለመንግሥት ነግሬያለሁ። መንግሥት እስከ ዛሬ ምን ይሠራል?»

«ለማን ነገሩ?» አለ አህመዲን።

«ለዚህ ነዋ። ለጋዜጣው።»

አህመዲን ወደ እኔ ዞረ። «ሐሙስ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰኞ ነው የመጣኸው።»

«አልተረጋገጠም ነበር።»

«እኔ ጋዜጣ ላይ አላወጣው፣ ታደሰ። መጥተህ 'እንዲህ ይባላል' ብትለኝ ምን ትሆናለህ? ማረጋገጥ እኮ የእኔ ሥራ ነው። ጥጥና ብልቃጥ ይዤ ዓርብ ጠዋት መሰላ እገኝ ነበር።»

ለአንድ ሰው በጆሮው መንገርንና በሬዲዮ መንገርን ለይቼ አላውቅም ነበር። ከእጄ የወጣ ሁሉ ዜና ነው። አዴ ዘይነባ በበኩላቸው ለእኔ ሲነግሩ ለሐኪሙም ለአስተዳዳሪውም የነገሩ መስሏቸዋል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉን አልፈው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ሁለታችንም ሥራችንን የሠራን መስሎን አራት ቀን አለፈ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ጀማል የታመመው መቼ ነበር?»

«እንጃ። ረቡዕ ይመስለኛል።»

በግራ ጻፍኩት፤ «ጀማል፣ ረቡዕ፣ ከዘይነባ»። ረቡዕ ከሆነ፣ እኔ ሐሙስ ስሰማ ልጁ ቀድሞ ታሟል ማለት ነው። አህመዲን ዓርብ ቢደርስም ሦስተኛው ቀን ይሆን ነበር። ያቺን መስመር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ገልጬ አይቻታለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሿ ከፋ። ዶክተሩ ጉሮሮዋን ከውጭ ቀዶ ቱቦ ለማስገባት መሣሪያውን አስቀቅሎ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ከሂርና ተደወለ፤ ቶፊቅ ነው። አንድ ኬላ ላይ አርባ ደቂቃ አቁመውት ነበር። ዘበኛው በእርጥብ ቅጠል የታሰረውን ነገር አይቶ፣ «ጫት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል እንጂ ከድሬዳዋ ይወጣል እንዴ?» አለው። ፔርሙሱን ካልከፈትክ አታልፍም፣ ከከፈትክ በረዶው ይሟሟል ሲባባሉ፣ የዘበኞቹ አለቃ መጥቶ ጆሮውን ፔርሙሱ ላይ አድርጎ ነቀነቀው፤ በረዶው ሲንኳኳ ሰማና አሳለፈው።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ መኪናው ሆስፒታሉ ግቢ ገባ። አዴ ዘይነባ ቅጠሉን ራሳቸው ፈቱት፤ በረዶው ገና ነበር።

ሴረሙ ከፈረስ ደም የሚሠራ ስለሆነ ራሱ የሚገድለው ሰው አለ። ዶክተሩ መጀመሪያ ጠብታ ያህል ክንዷ ቆዳ ሥር ወግቶ ሰዓቱን አየ። ግማሽ ሰዓት። አህመዲን ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ ቆዳው ይቀላ እንደሆነ ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ነበር። አልቀላም። አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሙሉው መጠን ተሰጣት።

ሐሙስ ዕለት አህመዲን የዘራው በቀለ፤ ዲፍቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። በዚያው ቀን የፎዚያ አንገት መጉደል ጀመረ። ቅዳሜ ጉሮሮዋን የሸፈነው ግራጫ ነገር ተላጠ። ዶክተሩ ግን አልተደሰተም። «ይኼ ውጭ የቀረው ነው» አለኝ። «የተሻገረው ሒሳቡን የሚያቀርበው በኋላ ነው። ልቧን እጠብቃለሁ።» በአሥረኛው ቀን የልቧ ምት መዝለል ጀመረ። ትራስ ሳይኖራት በጀርባዋ እንድትተኛ፣ ለመብላት እንኳ ቀና እንዳትል ታዘዘ። አዴ ዘይነባ ንግዱን ለቶፊቅ ትተው አልጋዋ ሥር ሰነበቱ። በሦስተኛው ሳምንት የምትጠጣው ወተት በአፍንጫዋ መመለስ ጀመረ፤ መርዙ የላንቃዋን ነርቭ አግኝቶታል። ያም ቀስ በቀስ ተወ። የመሰላው ቡድን በበኩሉ አምስት የታመሙ ልጆች አግኝቶ አከመ፤ የሞተ የለም። ዜናውን ጻፍኩት፤ አንድ አንቀጽ ሆኖ ተነበበ።

በእነዚያ ሳምንታት ነው በማስመሪያው ሦስተኛ መስመር የጀመርኩት። ራሱ ላይ «ዛሬውኑ ማወቅ ያለበት ሰው» ይላል። በግራ የገባ ነገር ሁሉ ወደ ቀኝ ሳይሻገር በፊት በዚያ ዓምድ አንድ ስም ይጻፍበታል፤ የሐኪም፣ የመንገድ ሠራተኛ፣ የመምህር። እስከ 1983 ድረስ በአሰበ ተፈሪ ከዚያም በኋላ በሌሎች ከተሞች እንዲሁ ሠርቻለሁ። ጋሽ በየነ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው ገጹን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «መስመሩን በእርሳስ አስምረው፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል» ብቻ አሉኝ።

ታኅሣሥ 7 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ፎዚያ ከሆስፒታል ወጣች። እስከ መኪናው በእግሯ ሄደች። ቶፊቅ ሲነዳ አዴ ዘይነባ ከእርሷ ጋር ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ተጫንኩ። በግራ ዓምድ የቀረችኝ አንዲት መስመር ነበረች፤ «ጀማል፣ ረቡዕ»።

መሰላ እንደደረስን መጀመሪያ ወደ መምህር ግርማ ቤት ሄድኩ። የመጣሁበትን ነገርኩት። የክፍሉን የስም መጥሪያ አወጣና ጣቱን በጀማል ስም ትይዩ አስኬደ። ረቡዕ ተገኝቷል። ሐሙስ ተገኝቷል። ዓርብ ቀሪ ነው። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲጫወት ነበር» አለ። «እኔው ነኝ ሂዱ ወደ ቤት ያልኳቸው።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ እናት ወደ ሙሚና ግቢ ሄድኩ። መምህሩ ያለኝን አልነገርኳቸውም። ፎዚያ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። ጀማል መቼ እንደታመመ ጠየቅኋቸው።

«ዓርብ ጠዋት» አሉ። «ዳቦውን ነክሶ መለሰልኝ። 'ጉሮሮዬ' አለ።»

«ረቡዕ ወይም ሐሙስ ምንም አላለም?»

«ሐሙስ ደህና ነበር። ራቱን በልቷል።»

ደብተሩን አውጥቼ በቀኝ ዓምድ ጻፍኩ። ጀማል አብዲ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፣ ሦስተኛ ክፍል። ሐሙስ ኅዳር 7 ሙሉ ቀን ተምሯል። ጉሮሮውን ያመመው ዓርብ ኅዳር 8 ቀን ጠዋት ነው።